ስለ ዳሞት የገበሬ መንደርና ስለ አባት ቆጠራ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ መንደር ቢፈልግ በቶሎ አያገኝም። የሚያየው በየኮረብታው ጥግ ሁለትም ሦስትም ሆነው የተበተኑ ቤቶች፣ በመካከላቸው የተዘረጋ ማሳ፣ ከሩቅ ደግሞ በዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጃቫ ደሴት የገበሬው ቤቶች ተጠጋግተው በሩዝ እርሻ መካከል ለብቻቸው ስለሚታዩ መንደሩን ለማወቅ ማየት ይበቃል፤ የዳሞትን መንደር ለማወቅ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውም ሁለት ነው። ሙታናችሁን የምትቀብሩት በየትኛው ደብር ነው? የምታርሱትስ በየትኛው አባት ነበር?

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይልቁንም ሁለተኛውን ጥያቄ መከተል ነው፤ ይኸውም አባት መቁጠር ለመንደሩ ምን ሥራ ይሠራለት እንደ ነበረና ያን ሥራ እንዴት እንዳጣ ለመግለጽ ነው።

አገሩ በአየሩ ሦስት ዐይነት ነው። የደጋ ዳሞት ከፍታ ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉበት ወይና ደጋ ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ ይሰጣል፤ ወደ ብርና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ቆላ ይሆናል። ቡሬ በበርበሬው የታወቀ ነው። በርበሬ በመደብ ተዘርቶ፣ ችግኙ ተነቅሎ እንደ ገና የሚተከል አድካሚ አዝመራ ሲሆን፣ ገበሬው ግን ለግብርም ለልብስም የሚሆነውን ገንዘብ የሚያገኝበት ስለ ሆነ አይተወውም። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በቡሬ አልፈው ወደ ደብረ ማርቆስ የሄዱት በዚሁ አገር ነው፤ በታሪክ መጻሕፍትም ከተሞቹ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት በዚህ ነው። ገጠሩ ግን የራሱ ታሪክ አለው።

የመንደሩ መሠረት አጥቢያው ነው። ጥቂት ቤቶች አንድ ጎጥ ይሆናሉ፤ ብዙ ጎጦች በአንድ ታቦት ሥር ይሰበሰባሉ። ሰንበቴውና ማኅበሩ፣ ተዝካሩና ቀብሩ፣ የሽማግሌዎች ዕርቅና የመንግሥት አዋጅ ሁሉ የሚፈጸመውና የሚነገረው በደብሩ ዙሪያ ነበር። ሥራም ሰውን ያስተሳስራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላው ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ ለአረምና ለአጨዳ ወንፈል ይገባል፤ ከባድ ሥራ ያለበት ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ደቦ ይጠራል። የመሬቱ ልክ እንኳ የሚነገረው በበሬዎች ድካም ነው፤ ጥማድ ማለት ሁለት በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት ስለ ሆነ፣ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ቢለያይም፣ የሄክታር ሩብ ያህል ይገመታል።

አሁን ወደ አባት እንመለስ። በዳሞት ልማድ አንድን ሰፊ መሬት በጥንት ዘመን መጀመሪያ የያዘ ሰው ዋና አባት ይባላል፤ ከእርሱ የሚወርዱት ቅርንጫፎች አለቆች ደግሞ ምንዝር አባቶች ይባላሉ። ከዋናው አባት በወንድም ይሁን በሴት የሚወለድ ሁሉ ከመሬቱ ድርሻ ለመጠየቅ መብት ነበረው። አንድ ሰው አራት አያቶችና ስምንት ቅድመ አያቶች ስላሉት፣ ሐረጉን ወደ ላይ በመዘዘው መጠን የሚጠይቅበት በር ይበዛለታል። ክፍያው የሚደረገው ግን በሕይወት ባሉት ተወላጆች ቁጥር ሳይሆን በአባቶቹ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልጆች ያሉት ቅርንጫፍ ብዙ ልጆች ካሉት ጋር እኩል ይካፈላል። የአባቱን መሬት ጉዳይ የሚከታተለውና በሙግት ስለ ወገኑ የሚቆመው ሰው ፈጅ ይባላል። ይህን ሥርዐት በ1950ዎቹ ዓመታት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አለን ሆበን ነው፤ መጽሐፉም በ1965 ዓ.ም. ታትሟል።

ብዙዎች ርስትን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ንብረት ብቻ አድርገው ይናገሩታል። ይህ አነጋገር የነገሩን ግማሽ ይሸፍናል። መብት ያለው ሁሉ መሬት አያገኝም ነበርና። ድርሻውን የሚፈልግ ሰው በቦታው መቀመጥ፣ ሐረጉን የሚመሰክሩለት ሽማግሌዎች ማግኘት፣ አንዳንዴም ለዓመታት መሟገት ነበረበት። በዚህ ምክንያት አንደበተ ርቱዕና ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው በዕድሜው ሙሉ ይዞታውን ያሰፋል፤ ሲሞትም የሰበሰበው በብዙ ወራሾችና ተሟጋቾች መካከል ይበተናል። ስለዚህ የዳሞት ባላገር ሙግት መውደዱን እንደ ጠባይ ጉድለት የቈጠሩ ሰዎች፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ነገሩን በቅጡ አልመረመሩትም። ሙግቱ የመሬቱ ማከፋፈያ መሣሪያ ነበር። የሐረግ ዕውቀትም እንደ ማረሻና እንደ ቀንበር የእርሻ ዕቃ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይህ ሁሉ ሲባል፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ቀጥቃጩና እስላሙ በአብዛኛው ከርስት ውጭ ሆነው በሌላው መሬት ላይ ይኖሩ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

እንዲህ ያለው መሬት በገመድ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ቢጻፍ ምን ይሆናል? የሌላው ጥያቄ ሁሉ ይዘጋል። የጎጃም ገበሬ ከግብሩ ብዛት ይልቅ መለካቱን የፈራው ስለዚህ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግሬን ከመለካት ትቶ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበረው ልማድ እንዲገብሩ አደረገ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ግን የእያንዳንዱ ገበሬ ምርት በኮሚቴ እንዲገመት ታዘዘ። ገበሬውም ግምቱ የመለካት መግቢያ፣ መለካቱም ርስት የማጣት መጀመሪያ ነው ብሎ ዐመፀ። በሞጣ፣ በዳሞትና በባሕር ዳር አውራጃዎች ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ይህን ዐመፅ የባላባቶች ሥራ ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም፤ ተራው ገበሬ የሚከላከለው የራሱ ነገር ነበረው።

ገመዱ ያላደረገውን የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ አደረገው። አዋጁ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። እንደ ጎጃም ባለው የርስት አገር ደግሞ ገበሬው በዚያን ጊዜ የሚያርሰውን መሬት እየተጠቀመ እንዲቀጥል ደነገገ። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። በዚያ ዓመት ሞፈሩ የነካው ጸና፤ በሐረግ ቆጠራ ነገ ይገኛል የተባለው ሁሉ ቀረ። በ800 ሄክታር ልክ እንዲመሠረት የታዘዘው የገበሬ ማኅበርም የአጥቢያውን ወሰን የግድ የሚከተል አልነበረም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የተበተኑትን ቤቶች በመስመር ለመሰብሰብ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ተደርጎ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ መመሪያው ከተለወጠ በኋላ ግን ብዙው ገበሬ ጣራውን አፍርሶ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው ድልድል መሬቱን እንደ ገና አከፋፈለ። ቀድሞ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራሲ»፣ የድሮዎቹ ባላባቶችም «ፊውዳል» ተብለው ከአንድ ሄክታር ያልበለጠ ተተወላቸው፤ መሬት ያልነበራቸው ብዙ ወጣቶችና ሴቶች ግን አገኙ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ጀመረ። በ1960 ዓ.ም. ጦር የተመዘዘበት ነገር፣ ማሳን ለክቶ በስም መጻፍ፣ ያለ ዐመፅ ተፈጸመ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ በዚህ ጊዜ የሚዘጋ የሐረግ በር አልነበረም፤ የሚፈራው ሌላ ድልድል ስለ ነበር ደብተሩ እንደ መከታ ተቈጠረ። በደብተሩ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይገኛል። የማሳው መታወቂያ ደግሞ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ነው። ድሮ የገበሬው መብት ወደ ላይ አባቶችን በመጥራት ይጸና ነበር፤ በደብተሩ ግን ወደ ጎን ጎረቤቶችን በመጥራት ይጸናል።

ከድልድሉ በኋላ የተወለደው ወጣት ከወላጆቹ ጥቂት ጥማድ ካልተካፈለ የሌላውን መሬት በእኩል ያርሳል፤ ካልሆነም ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሄዶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። በደብተሩ ስሙ የለም። ቅድመ አያቶቹን እስከ ዋናው አባት ቈጥሮ ቢጨርስም፣ ያን ቈጠራ ሰምቶ መሬት የሚፈርድለት ዳኛ የለም።