«ምርጥ ነው» ለማን ይጠቅማል? ወደ አምቦ ለሚሄድ ሰው የሚረዳ የምግብ ቤት ሪቪው እንዴት ይጻፋል?

ቅዳሜ ነው እንበል። አራት ጓደኛሞች ብር አዋጥታችሁ ከአዲስ አበባ ወጥታችኋል። እቅዱ አምቦ ዋኝቶ፣ የጉደርን ፏፏቴ አይቶ ማታ መመለስ ነው። ጊንጪን ስታልፉ ረሃብ መጣ። ስልክ ወጣ፣ ጉግል ማፕ ተከፈተ። አምቦ ያለ አንድ ምግብ ቤት አራት ሪቪው አለው። አንዱ «በጣም ምርጥ» ይላል። ሁለተኛው ኮከብ ብቻ ሰጥቶ ምንም አልጻፈም። ሦስተኛው «ዋው»። አራተኛው «እንዳትሄዱ!!!»።

እሺ፣ አሁን ምን ወሰናችሁ? ምንም። አራት ሰው በልቶ ወጥቷል፣ ግን ምን እንደበሉ፣ ስንት እንደከፈሉ፣ መቼ እንደሄዱ አንዱም አልነገራችሁም።

ጥሩ ሪቪው ማለት ቤቱን የማያውቅ መንገደኛ አንብቦ መወሰን የሚችልበት ጽሑፍ ነው። ማድነቅም መርገምም ግዴታ አይደለም። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?

የምግብ ቤት ደረጃ መስጠት ከመጀመሪያውም የመንገደኛ ጉዳይ ነው። በዓለም ታዋቂው የሚሽሊን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1900 የወጣው በፈረንሳይ ጎማ አምራቾች ነው፤ ለመኪና ነጂዎች ተብሎ። ዛሬም ሁለት ኮከብ ማለት «መንገድ ቀይራችሁ ብትሄዱ ያዋጣል»፣ ሦስት ኮከብ ማለት «ለሱ ብላችሁ ብትጓዙ ያዋጣል» ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ «ልቁም ወይስ ልለፍ?» ነው።

በሌላ በኩል የሰው እንጀራ አለ። የሃርቫርድ ተመራማሪው ማይክል ሉካ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የልፕ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ የምግብ ቤቱን ገቢ ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ይህ የታየው ስም ባላቸው ትልልቅ ሰንሰለት ቤቶች ላይ ሳይሆን በግለሰብ ቤቶች ላይ ነው። የምዕራብ ሸዋ ምግብ ቤት ደግሞ በአብዛኛው የግለሰብ ነው።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ሦስት ሰው 5 ኮከብ የሰጠው ቤት አንድ ሰው ተናዶ 1 ቢሰጠው አማካዩ 4.0 ይሆናል። ሁለት መቶ ሰው 5 የሰጠው የአዲስ አበባ ቤት ግን ያችው አንድ ኮከብ ብትጨመርበት 4.98 ነው። ትንሽ ሪቪው ባለበት ከተማ የእናንተ አንዲት ጣት ከባድ ናት።

1. ቀኑን ጻፉ፤ ጾም ነበር ወይስ ፍስክ?

ይቺን እኔም ራሴ ተሳስቼባታለሁ። በዚሁ መንገድ ላይ ላለ፣ ስሙን ለማልጠራው ቤት «ሜኑ ላይ ያለው ግማሹ የለም» ብዬ 2 ኮከብ ሰጠሁ። ለካ ቀኑ አርብ ነበር፤ ለዚያውም ሁዳዴ። በኋላ ገብቼ አስተካከልኩት፤ ጉግል ማፕ የጻፋችሁትን ማረም ይፈቅዳል።

ረቡዕና አርብ፣ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ብዙ ቤት የፍስክ ምግብ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ አይሠራም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና አርብም አይጾምም። በጾም ቀንም ሥጋ የሚሠራ ቤት አለ። ስለዚህ «አርብ ሄድን፣ የጾም በያይነቱ ብቻ ነበር» የምትል አንድ መስመር የብዙ ሰው ቀን ታድናለች። ሙስሊም ተጓዥም የሥጋው እርድ የማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ጠይቃችሁ ካወቃችሁ ጻፉት።

2. ምን በላችሁ? ስንት ሆናችሁ?

«ምግባቸው ይጣፍጣል» አይበቃም። ጥብስ ነው? ሽሮ ነው? ጨጨብሳ ነው? አንድ የቀመሳችሁት ነገር ለሌላው ምግብ ዋስ አይሆንም። ክትፎው ጥሩ ስለሆነ ፓስታውም ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ሥጋ በኪሎ የሚሸጥበት ቤት ከሆነ ይበልጥ ግልጽ ሁኑ። ግማሽ ኪሎ ለስንት ሰው በቃ? ሲመዘን አይታችኋል? ማስጠበሻው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ ይታሰባል? አንዳንድ ሥጋ ቤት እዚያው ለሚበላና ወደ ቤት ለሚወስድ የተለያየ ዋጋ አለው።

የአካባቢውን ምግብ ካገኛችሁ በስሙ ጥሩት። ጭኮ፣ ማርቃ (ገንፎ)፣ ኢቲቱ (የረጋ ወተት) ፈልጎ የሚመጣ ሰው አለ። ሜኑው በአፋን ኦሮሞ ብቻ ከሆነ ማንበብ ለማይችለው ሰው ፎቶውን ለጥፉለት። ቡዴና እንጀራ፣ ፎን ሥጋ፣ አናን ወተት፣ ቢሻን ውሃ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

3. ዋጋ ከነቀኑ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮ ሪቪው ላይ ያለ ዋጋ ታሪክ እንጂ መረጃ አይደለም። ዋጋ ስትጽፉ ወርና ዓመት ጨምሩበት። በቃ፣ ይኼው ነው።

ሌላው ቫት ነው። ቫት ተመዝጋቢ የሆነ ቤት 15 በመቶ ያስከፍላል። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫት ያካተተ ነው ወይስ ሂሳብ ሲመጣ ነው የሚደመረው? የአገልግሎት ክፍያስ አለ? ቴሌብር ይቀበላሉ ወይስ ጥሬ ብር ብቻ? ኔትወርክ ባይኖርስ? የሂሳቡ ደረሰኝ ፎቶ ከአሥር ዓረፍተ ነገር ይበልጣል፤ ስልክ ቁጥርና የሰው ስም ካለበት ግን ሸፍኑት።

4. የት ነው?

እዚህ አካባቢ አንድ ቦታ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። አዲስ ዓለም ኤጄሬም ትባላለች። አምቦም በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ አትመኑ። «ከሁሉቃ ድልድይ ወደ ጉደር መውጫ፣ በስተቀኝ» ዓይነት ምልክት ስጡ። መኪና ማቆሚያ አለው? ከመንገዱ ይታያል?

ከተማውንም አታደባልቁ። አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉደር ከአምቦ አልፎ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወንጪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ከተመረጠች በኋላ ብዙ ሰው ይሄድባታል፤ በአምቦ በኩል መድረስ ቢቻልም ያለችው ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው። «አምቦ አጠገብ» ብሎ ወንጪ ያለን ቤት መጻፍ የተራበ ሰው ተራራ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

5. ስንት ደቂቃ ፈጀ?

ለተጓዥ ሰዓት ገንዘብ ነው። ወደ ባኮ ወይም ነቀምቴ የሚያልፍ ሰው 20 ደቂቃና 1 ሰዓት ለሱ ሌላ ሌላ ነገር ናቸው። ካዘዛችሁ ጀምሮ እስኪቀርብ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ፤ ቤቱ ሞልቶ ከነበረም ጨምሩ።

የመክፈቻ ሰዓት ስትጽፉ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» በሉ። ጉግል ማፕ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ «2:00» ብቻ ካላችሁ አንባቢው ይምታታበታል።

ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው? እጅ መታጠቢያ ውሃ አለ? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አላቸው? ከሕፃን ወይም ከትልቅ ሰው ጋር ለሚጓዝ ከምግቡ በፊት የሚጠየቀው ይኼ ነው።

6. ካልተመቻችሁስ?

መጀመሪያ እዚያው ተናገሩ። ወጡ ቀዝቅዞ ከመጣ አስተናጋጇን ብትጠሯት ሊሞቅላችሁ ይችላል። ካስተካከሉ ያንንም ጻፉ። ካላስተካከሉ የሆነውን ብቻ ጻፉ፤ «ሌቦች ናቸው» ሳይሆን «ሜኑው ላይ ካለው ዋጋ በላይ ተጠየቅን፣ ስንጠይቅ ይህን አሉን»። የአስተናጋጅ ስምና ፎቶ አትለጥፉ። ትንሽ ከተማ ነው፤ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች።

ሕመም ላይ በጣም ተጠንቀቁ። «እዚያ በልቼ ታመምኩ» ከማለታችሁ በፊት ይቺን እወቁ፦ የሳልሞኔላ ምልክት ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ያሳመማችሁ የመጨረሻው ምሳ ላይሆን ይችላል፤ ከትናንት ወዲያ ቤታችሁ የበላችሁት ሊሆን ይችላል። «ከበላሁ ከ5 ሰዓት በኋላ ሆዴን አመመኝ፣ አብሮኝ የበላው ግን ደህና ነው» ብትሉ እውነቱን ሳትለቁ ሰውም ታስጠነቅቃላችሁ።

በተቃራኒውም «ጥሬ ሥጋው ምንም አላደረገኝም» የሚል ሪቪው ምንም አይነግረንም። የከብት ሥጋ የኮሶ ትል አድጎ እስኪታወቅ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በማግስቱ ማንም ሊመሰክር አይችልም።

የሌላውን ሪቪው ስታነቡ

እ.ኤ.አ. በ2017 ኡባ በትለር የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሚኖርባትን የጓሮ ቤት ምግብ ቤት አስመስሎ ትሪፕ አድቫይዘር ላይ አስመዘገበ። ጓደኞቹን የውሸት ሪቪው አስጻፈ። ያልነበረው ምግብ ቤት ለንደን ውስጥ ካሉ ከ18 ሺህ በላይ ቤቶች 1ኛ ወጣ። እንግዲህ ኮከብ ብቻ አይታችሁ አትሂዱ።

ቀኑን እዩ፤ ሁለት ዓመት ያለፈውን ለዋጋ አትመኑ። ሰው ያነሳውን ፎቶ እዩ። የጻፈው ሰው ሌላ ቦታም ጽፎ እንደሆነ ስሙን ነክታችሁ ተመልከቱ። 3 ኮከብ የሰጡትን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩውንም መጥፎውንም የሚናገሩት እነሱ ናቸው። «5 ኮከብ ስጡን፣ ለስላሳ እንጋብዛለን» ከተባላችሁ ደግሞ ጉግል ራሱ በጥቅም የሚጻፍ ሪቪው እንደሚከለክል አስታውሱ። እና ከመውጣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታና ቤቱ ክፍት ስለመሆኑ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።

ኮፒ አድርጋችሁ ያዙት

ሁሉም ሲገጣጠም ይህን ይመስላል (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው)፦

«ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2018፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ 4 ሰው። 1 ኪሎ ጥብስና ሁለት ሽሮ አዘዝን፤ በቃን፣ ተረፈም። ጥብሱ ለስላሳ፣ ሽሮው ጨው በዝቶበታል። 35 ደቂቃ ጠበቅን። ከነቫቱ 2,600 ብር፣ በቴሌብር። 3 መኪና ማቆሚያ አለው። ሽንት ቤቱ ንጹሕ፣ ውሃ ግን አልነበረም። ለቤተሰብ ይሆናል፣ ለቸኮለ ሰው አይሆንም።»

መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አያችኋት? ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን ነገረቻችሁ። ተማሪና ሠርገኛ፣ ሹፌርና ባለ ሕፃን እናት የሚፈልጉት ቤት አንድ አይደለም።

ይህን ለመጻፍ ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። አምቦ ሄዳችሁ «አምቦ» ጠጥታችሁ ስትመለሱ፣ ከኋላችሁ ተርቦ ለሚመጣው ሰው አምስት መስመር ጣሉለት። እናንተም አንድ ቀን ጌዶ ላይ ተርባችሁ ስልክ ስትከፍቱ የሌላ ሰው አምስት መስመር ታገኛላችሁ።