የሳስካችዋን ሐኪሞች ሥራ ያቆሙ ጊዜ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1962 በካናዳዋ ሳስካችዋን ክፍለ ግዛት አብዛኞቹ ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ዘጉ። የነዋሪውን ሁሉ የሕክምና ወጪ የመንግሥት መድኅን እንዲሸፍን የሚያዝዘው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዕለት ነበር። አድማው 23 ቀን ቆየ።

ሳስካችዋን ሰፊ የስንዴ አገር ነው፤ ሐኪም እንደ ልብ የሚገኝበት አልነበረም። በ1914 ሳርኒያ የተባለች የገጠር ወረዳ ሐኪሟ ጥሏት እንዳይሄድ ከአካባቢው ግብር ደመወዝ ልትቆርጥለት ወሰነች። በ1930ዎቹ ድርቅ ገባ፣ የስንዴም ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ለሐኪም የሚከፍለው አጣ። ይህን ችግር በቅርብ ካዩት አንዱ የባፕቲስት ሰባኪው ቶሚ ዳግላስ ነው። እሱ ራሱ በልጅነቱ የአጥንት ሕመም ይዞት እግሩ ሊቆረጥ ሲል፣ አንድ ቀዶ ሐኪም ተማሪዎቹ እያዩ በነፃ አክሞ አድኖታል። የድሃ ልጅ እግር በአንድ ሰው ቸርነት ብቻ መትረፍ እንደሌለበት ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖረ። በ1944 ክፍለ ግዛቱን መምራት ጀመረ፤ በ1947 የሆስፒታል መድኅን አቋቋመ፤ ቀጥሎም የሐኪም ክፍያን የሚሸፍነውን ዕቅድ አሳወቀ።

ፈተናው ሲመጣ ግን ዳግላስ በቦታው አልነበረም። በ1961 ወደ ፌዴራል ፖለቲካ ስለሄደ ሸክሙ በተተኪው በውድሮ ሎይድ ላይ ወደቀ። ሎይድ መምህር የነበረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሐኪሞቹ መንግሥት አዛዣችን ይሆናል ብለው ከልባቸው ሰግተው ነበር፤ ሐኪማቸውን እንዳያጡ የፈሩ እናቶችም ተቃውሞውን ተቀላቀሉ። ጁላይ 11 ቀን በሬጃይና የተጠራው ትልቅ ሰልፍ ግን አዘጋጆቹ ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሰው ወጣበት። በዚህ መካከል ከብሪታንያ ሐኪሞች እየመጡ ነበር፤ በሳስካቱንና በሌሎች ከተሞችም ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው። አድማው እስኪያልቅ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም።

የብሪታንያው ሐኪምና የምክር ቤት አባል ሎርድ ቴይለር በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሰ ሸመገለ፤ ጁላይ 23 ቀን በሳስካቱን ስምምነት ተፈረመ። ሐኪሞቹ በግል የመሥራት መብታቸው ተጠበቀ፤ መድኅኑም ሁሉን ሰው እንደያዘ ቀረ። የፌዴራሉ መንግሥት በ1966 ተመሳሳይ ሕግ አወጣ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ያልገባበት ክፍለ ግዛት አልነበረም። ቶሮንቶና ካልጋሪ ያሉ ወገኖቻችን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚያሳዩት የጤና ካርድ መነሻው ይኸው ነው።

ካናዳውያን በ2004 በአንድ የቴሌቪዥን ውድድር ዳግላስን የአገራቸው ታላቅ ሰው ብለው መረጡት፤ ይገባዋል። ሎይድን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው፤ ይህ ግፍ ነው። በ1964 ምርጫ ተሸንፎ ሥልጣኑን ለቀቀ። ያሸነፈው የሊበራል ፓርቲ፣ ሕጉን ሲቃወም የኖረ ቢሆንም፣ ሊሽረው አልደፈረም።