ከባሮ ዳር እስከ ኮንጎ ወንዝ



ስለ ውጭ አገር ዘማቾቻችን ሲነሣ ሁልጊዜ የሚወራው የኮሪያው ነው። ቃኘው ሻለቃ ይገባዋል፤ ክርክር የለኝም። ኮንጎ የዘመቱት ግን ተረስተዋል። ከእኛ ከግምጃ ቤት ሰዎች መካከል ኮንጎ የዘመቱ አንድ አሥር አለቃ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እኛው ነን የቀበርናቸው። በዕድሩ መዝገብ የተጻፈላቸው «ጡረተኛ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። በየለቅሶ ቤቱ ተቀምጠው ያወጉንን ከታሪኩ ጋር እያገናኘሁ ላቅርብ።

ኮንጎ ከቤልጂግ አገዛዝ ነፃ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ሳምንት ሳይሞላ ወታደሩ በቤልጂግ መኮንኖቹ ላይ አመፀ፤ ወዲያው ደግሞ ካታንጋ ተገንጥያለሁ አለች። መንግሥቱ የተባበሩት መንግሥታትን እርዳታ ጠየቀ፤ ኢትዮጵያም በሐምሌ ወር ጦር ላከች። ጦራችን ከሰፈረባቸው ከተሞች አንዷ ስታንሌቪል ነበረች፤ ዛሬ ኪሳንጋኒ የምትባለው።

አሥር አለቃው ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ወንዙን ነበር። እኛ የምናውቀው ወንዝ ገደል ገብቶ የሚጮኽ፣ በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚሳሳ ነው። የኮንጎ ወንዝ ግን ከከተማው ደጃፍ ሜዳው ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ ማዶ ያለ ሰው ቢጣራ አይሰማም። አገሩ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። መርከብ ከሌዎፖልድቪል ተነሥቶ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ተጉዞ እዚያች ከተማ ሲደርስ ይቆማል፤ ምክንያቱም ከዚያ በላይ ሰባት ፏፏቴዎች አሉ። ቤልጂጎች ፏፏቴውን የሚያልፍ 125 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ሠርተው ነበር።

ፏፏቴው ላይ ዋጌኒያ የሚባሉ ዓሣ አጥማጆች አሉ። ወፋፍራም ግንዶችን በሚያስፈራው ውሃ መካከል ተክለው በሐረግ ያስሩና፣ አፉ ሰፊ የሆነ ሾጣጣ ቅርጫት ያንጠለጥላሉ። ዓሣውን ማን ያሳድዳል? ውሃው ራሱ እየገፋ ቅርጫቱ ውስጥ ይከተዋል። ታዲያ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በሰፈሩ መነሣቱ አልቀረም፤ አሥር አለቃው የበሉ ይመስለኛል፣ ግን አልነገሩንም።

የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ስለነበር አንድ ነገር አስገርሟቸዋል። በሊንጋላ ውሃ «ማይ» ይባላል፤ በግዕዝም ማይ ነው። እንዲህ ያለው መመሳሰል የአጋጣሚ ነው፣ ዝምድና አይደለም። ለተጠማ ወታደር ግን ይጠቅማል።

ነገሩ ሁሉ ግን ሽርሽር አልነበረም። ነሐሴ 21 ቀን 1952 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን ስታንሌቪል ሲያርፍ፣ የቤልጂግ ጦር መጣ ተብሎ ወታደሩና ሕዝቡ አውሮፕላን አብራሪዎቹንና ባልደረቦቻቸውን ደበደቡ። ከሞት ያተረፏቸው የእኛ ወታደሮችና አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ናቸው።

ከሁሉ የከበደው የሉሙምባ ነገር ነው። ፓትሪስ ሉሙምባ በወጣትነቱ በዚያች ከተማ ፖስታ ቤት በጸሐፊነት ሠርቷል፤ ደጋፊዎቹም እዚያው ነበሩ። ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ከወረደ በኋላ በኅዳር 1953 ዓ.ም. ከሌዎፖልድቪል አምልጦ ወደ ስታንሌቪል ሲገሠግሥ፣ የሳንኩሩ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ተያዘ። እሱ ተሻግሮ እንደነበርና ከማዶ ለቀሩት ለሚስቱና ለልጁ ብሎ እንደተመለሰ ይነገራል። ጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ካታንጋ ውስጥ ገደሉት። በእኛም አገር በዚያው ታኅሣሥ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተደርጎ ስለነበር፣ ዘማቹ ጆሮው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አሥር አለቃው «ስታንሌቪል ቢደርስልን ኖሮ» ይሉ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጦር በሰው አገር ፖለቲካ አይግባ ተብሎ ታዝዟልና ቢደርስስ ምን ይደረግለት እንደነበር እኔ እጠራጠራለሁ፤ እሳቸው ግን ይህን ሲሏቸው ይቆጡ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ የደንብ ልብሳቸውን አይቶ «አሶሳ፣ ጋምቤላ» አላቸው። ቋንቋ አልተግባቡም፤ ሽማግሌው ግን እጁን እንደ ጠመንጃ አድርጎ አሳያቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ጣልያን ከዳንግላና ከቡሬ ሲለቅ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ በቤልጂግ መኮንኖች የሚመራ የኮንጎ ጦር ሱዳንን አቋርጦ እየመጣ ነበር። በመጋቢት አሶሳን፣ ቀጥሎም ጋምቤላን ያዘ። ጋምቤላ ያኔ በክረምት ከካርቱም መርከብ መጥቶ ቡና የሚጭንባት የባሮ ወደብ ነበረች። በሰኔ መጨረሻ ሰዮ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ ላይ፣ የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። ከኮንጎዎቹ ብዙዎች በጥይት ሳይሆን በበሽታ አልቀዋል። በ1952 ዓ.ም. ያመፀው የኮንጎ ጦርም ይኸው በባሮ በኩል የተዋጋው ጦር ነው፤ እኛ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት አገሩን ልናረጋጋ ሄድንለት ማለት ነው።

ተልእኮው ሰኔ 23 ቀን 1956 ዓ.ም. አበቃ። ሌዎፖልድቪልም ስሟ ተለውጦ ኪንሻሳ ተብላለች፤ እዚያ አሶሳና ሰዮ የሚባሉ ጎዳናዎች፣ ጋምቤላ የሚባል ገበያም አሉ።