ለመረጃ፦ የተተኮሰ ቀለህ ቤት ውስጥ ለምን አይሞላም?

ጦርነቱ ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሳስ 2014 በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ሲያልፍ በየማሳው ጥይትና ቀለህ ጥሎ ሄዷል። «ቀለሁን ሰብስቦ መሙላት ይቻላል» የሚል ወሬ ከሰማችሁ ይህን አንብቡ።

🔹 ጥይት አራት ነገር ነው
ቀለህ፣ ባሩድ፣ ከፊት ያለው አረር፣ ከቀለሁ ግርጌ ያለችው ካፕሱል። ካፕሱሏ ስትመታ ትፈነዳለች፣ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፣ ጋዙ አረሩን ይገፋል።

🔹 ድሮና ዘንድሮ
በአፄ ምኒልክ ዘመን የነበረው ውጅግራ ቀለሁ ናስ፣ ባሩዱ ጥቁር ነበር። ጥይቱ ውድ ስለነበር ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። የዛሬው የክላሽ ቀለህ ግን በአብዛኛው ብረት ነው። አንዴ ተተኩሶ እንዲጣል እንጂ ካፕሱሉ ወጥቶ እንዲተካ ታስቦ አልተሠራም።

🔹 አደጋው
የመኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ገደማ ነው። ክላሽ ሲተኮስ ግን ውስጡ እስከ 3,500 ባር ይደርሳል! የባሩዱ ዓይነት ወይም መጠን ከተዛባ መሣሪያው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ዓይንና ጣት ደግሞ መለዋወጫ የላቸውም።

🔹 ሕጉ
የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በወንጀል ያስጠይቃል።

🔹 ያልተተኮሰ ጥይት ብታገኙስ?
አትንኩት፣ አትቀጥቅጡት፣ እሳት ውስጥ አትጣሉት። ቦታውን ለይታችሁ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ተናገሩ። ከብት የሚጠብቁ ታናናሾቻችሁንም አስጠንቅቁ፤ እነሱ በድንጋይ ሲመቱት ካፕሱሉ ይነሳል።

ሼር አድርጉት፣ ለቤተሰብም አንብቡላቸው 🙏