ደረት ሳይከፈት ልብን ማየት፤ ከሉንድ እስከ ፎገራ ሜዳ

የፎገራን ላም የልብ ምት ለመቁጠር የእንስሳት ሐኪም ጣቱን ከጭራዋ ሥር ያሳርፋል፤ በደኅና ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ያህል ይቆጥራል። የቤተ ሙከራ አይጥ ልብ ግን ክብደቷ የአንድ ግራም ሩብ እንኳ ሳይሞላ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ትመታለች። በዚህ ፍጥነት የምትንቀሳቀስን ነገር ማየት ቀርቶ መቁጠርም ያዳግታል።

ዊሊያም ሐርቬይ በ1628 እ.ኤ.አ. የደም ዝውውርን ያስረዳው ሕያዋን እንስሳትን ከፍቶ በመመልከት ነበር። የውሻ ልብ ስለ ፈጠነበት እንደ እንቁራሪትና እባብ ወዳሉት፣ ልባቸው ዝግ ብሎ ወደሚመታ እንስሳት ዞረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የምትመታን ልብ ማየት ማለት ደረትን መክፈት ማለት ነበር። በ1895 የተገኘው ራጅም ቢሆን ጥላዋን እንጂ የቫልቮቿን እንቅስቃሴ አላሳየም።

መፍትሔው የመጣው ከመርከብ ግንባታ ነው። በስዊድን የሉንድ ከተማ ሐኪም የነበሩት ኢንጌ ኤድለር ማይትራል ቫልቫቸው የጠበበባቸውን ሕሙማን ለቀዶ ሕክምና ሲያዘጋጁ፣ ቫልቩ ከመጥበቡ ሌላ የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ማወቅ ፈለጉ። የፊዚክስ ባለሙያው ካርል ሄልሙት ኸርትስ በማልሞ የመርከብ መሥሪያ የብረት ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈተሽበትን መሣሪያ ተውሰው ሞከሩት። ጥቅምት 19 ቀን 1946 ዓ.ም. (ኦክቶበር 29 ቀን 1953 እ.ኤ.አ.) ከሲመንስ በተገኘ መሣሪያ የልብ እንቅስቃሴ በመጀመሪያ ተመዘገበ። ኤድለር ከማይትራል ቫልቭ የሚመለሰውን ሞገድ መጀመሪያ ከልብ ግድግዳ የመጣ መስሏቸው ነበር፤ እውነቱ የታወቀው በኋላ ነው።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ በደንቢያ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ የሚወጡት የጤና መኮንኖች የልብ ሕሙማንን ሲመረምሩ የሚመኩት በጆሯቸውና በእጃቸው ነበር። የኤድለር ጥያቄ ግን የእነርሱም ጥያቄ ነበር፤ ማይትራል ቫልቭን በብዛት የሚያጠበው የሩማቲክ ሕመም ነውና።

አዲስ የምርመራ ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ በእንስሳት ተፈትኖ ወደ ሰው ይሸጋገራል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አይጧ ከሰው 40 ዓመት ያህል ዘግይታ ተከተለች። ትንሽ ልብን ለይቶ ለማየት ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሞገድ ወደ ጥልቅ አይዘልቅም፤ ለአይጥ ስስ ደረት ግን ይበቃል። በ1994 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በምስል የተሰላውን የግራ ልብ ክብደት፣ ልቧ ከወጣች በኋላ በሚዛን ከተገኘው ጋር አመሳክሮ ተቀራራቢ መሆኑን አሳየ። ቀድሞ የበሽታን ሂደት ለመከታተል በየጊዜው የተወሰኑ እንስሳትን መግደል ግድ ነበር። ከዚህ ወዲህ አንዷን አይጥ ከጤና እስከ ሕመም ደጋግሞ መመርመር ተቻለ፤ ራስልና በርች በ1959 ያሳሰቡት የእንስሳትን ቁጥርና ሥቃይ የመቀነስ ጉዳይም ተግባራዊ መንገድ አገኘ። ይሁን እንጂ ማደንዘዣ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ፣ የምት ቁጥር ያልተጻፈበት የአይጥ ልብ ምስል እምብዛም አይታመንም።

ለኢትዮጵያ ሐኪም ቅርብ የሆነው እንስሳ ሌዊስ የሚባለው ትልቁ የቤተ ሙከራ አይጥ ነው። በ2001 የታተመ ጥናት፣ ይህ አይጥ የጉሮሮ ሕመም በሚያስከትለው ስትሬፕቶኮከስ ኤም ፕሮቲን ሲከተብ የልብ ቫልቮቹ እንደሚቆጡ አሳይቷል። ያኔ ጉዳቱ የታየው ልብ ወጥታ በማይክሮስኮፕ ነበር። የክትባት ተመራማሪዎችን የሚያሳስባቸውም ይኸው ነው፤ ከበሽታው እንዲከላከል የታሰበ ክትባት ራሱ ቫልቭን እንዳይጎዳ በሕያው እንስሳ ላይ መከታተል ያስፈልጋል።

በ2016 የታተመና በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተደረገ የኤኮካርዲዮግራፊ ጥናት 3,238 ተማሪዎችን መርምሮ፣ ከ1000 ተማሪዎች 19 ያህሉ የሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባቸው አሳየ። ብዙዎቹ የሕመም ስሜት አልነበራቸውም። ከቁሐር ሚካኤል የሚነሣ እንዲህ ያለ ልጅ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ግን ከወረታ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።