የሚኒሞ መንቀጥቀጥ

ከመመሪያ መጻሕፍትና ከመመርመሪያ ኮምፒውተር ስክሪን ወጥቶ ወደ ጋራዦቻችን እየገባ ያለ አንድ ቃል አለ፦ ራፍ አይድል። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ተስተካክሎ መሥራት ሲያቅተውና መሪውንና ወንበሩን ሲያርገፈግፍ የሚሰጠው ስም ነው። አማርኛው «የሚኒሞ መንቀጥቀጥ» ቢሆን እመርጣለሁ።

አይድልን «ሥራ ፈት ዙር» የሚሉ አሉ። ሞተሩ ግን በዚያች ሰዓትም ዘይት ይገፋል፣ ውኃ ያዞራል፣ ባትሪ ይሞላል፤ ሥራ አልፈታም። ሚኒሞን፣ ማለትም ያችን ዝቅተኛ ዙር፣ ደግሞ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል። እንደ ካንዴላ፣ እንደ ቺንጋ፣ እንደ ፖምፓ ከጣሊያንኛ የቀረች ቃል ናት። በጥር 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ባለሞተር ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ከዶሎ ተነሥቶ ነገሌ ቦረና የደረሰው ዛሬ የፊልቱ መኪኖች በሚመላለሱበት አቅጣጫ ነበር። ጦሩ ከአገር ወጥቷል፤ ሚኒሞ የእኛ ሆና ቀርታለች። «መንቀጥቀጥ» ያልኩትም ከሁለት ነገር ለመለየት ነው። «መንገጫገጭ» የመንገዱ ነው። «መዋዠቅ» ደግሞ ዙሩ ከፍ ዝቅ ሲል ነው፤ ያ ሌላ ሕመም ነው፣ ሌላ ቦታም ይፈለጋል።

ይህ ስም በጣም የሚያስፈልገው ታይሚንግ ቺንጋ በተቀየረ ማግስት ነው። በቆላው መንገድ የሚሠራውን ላንድክሩዘር ባለ 1ኤችዜድ ሞተር እንውሰድ። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። አንዱ ጥርሳም ቺንጋ ካምሻፍቱንም የናፍጣ ፖምፓውንም ከክራንክሻፍቱ ጋር አስሮ ያዞራል። ካምሻፍቱና ፖምፓው አንድ ጊዜ ሲዞሩ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ 48 ጥርስ ያለው የካም ፑሌጃ በአንድ ጥርስ ቢዛነፍ ካሙ 7.5 ዲግሪ፣ በክራንክሻፍቱ ሲለካ 15 ዲግሪ ተዛነፈ ማለት ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ መኪናው ይሄዳል፤ ግን ደህና አይደለም።

ታዲያ ሲነዱት የማይሰማው ሲቆም ለምን ይሰማል? በደቂቃ 700 ዙር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ወደ ስድስት ጊዜ ብቻ ያቃጥላል፤ ከመካከላቸው አንዱ ምት ሲደክም ሰውነት ለይቶ ያውቀዋል። በ2,800 ዙር ግን በሰከንድ 23 ጊዜ ያህል ነው፤ የአንዱ ድካም በሌሎቹ ግፊትና በፍላይዊሉ ክብደት ይዋጣል። ስለዚህ የሚኒሞዋን ብሎን አጥብቆ ዙሩን ከፍ ማድረግ መንቀጥቀጡን ያጠፋዋል፤ ሕመሙን ግን አይነካውም። ይህን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ። ደንበኛው ረክቶ ይወጣና ከነገሌ አልፎ፣ ጋራዥ በሌለበት ምድር ላይ፣ ቺንጋው ሌላ ጥርስ ሊዘል ይችላል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ደግሞ ቫልቭና ፒስቶን ሊጋጩ ይችላሉ፤ ያኔ ወጪው የቺንጋ ሳይሆን የሞተር ነው።

መጀመሪያ የሚታየው በፑሌጃዎቹ ላይ ያለው የታይሚንግ ምልክት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ክራንክሻፍቱ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ወደሚሠራበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞር። የክራንኩ፣ የካሙና የፖምፓው ምልክቶች እንደገና ቦታቸው ላይ መግጠም አለባቸው። ሲገጠም ትክክል የነበረው ቺንጋ ሲዞር የሚዛነፈው አብዛኛውን ጊዜ የረገበው ወገን ሳይወጠር የመወጠሪያው ብሎን ስለታሰረ ነው። በቺንጋው ላይ የተሳሉት መስመሮች ከሁለት ዙር በኋላ ከምልክቶቹ ጋር ላይገናኙ ይችላሉ፤ ያ አያስደንግጥ፣ የሚታየው የፑሌጃው ምልክት ነው።

ምልክቱ ሳይታይ ጆሮና ዓይንም ብዙ ይናገራሉ። ፖምፓው ከዘገየ ሞተሩ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ነጭ ጭስም ያወጣል። ከቀደመ ማንኳኳቱ ይበረታል። የካም መዛነፍ በዚህ ሞተር ስድስቱንም ሲሊንደር እኩል ይጎዳል፤ ኃይሉ በጠቅላላ ይወርዳል። መንቀጥቀጡ በአንድ ምት የሚያነክስ ከሆነ ግን ቺንጋውን ከመክሰስ በፊት አንዱ ሲሊንደር ይጠርጠር። የኖዝሎቹ ቱቦ ብሎን ሞተሩ እየሠራ በየተራ ትንሽ ይላላል፤ ሲላላ ለውጥ የማያመጣው እሱ የደከመው ነው። የሚረጨው ናፍጣ ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ እጅና ዓይን ይራቁ።

ምልክቱ ገጥሞ መንቀጥቀጡ ካልለቀቀ ለሥራው ተብሎ የተፈታው ሁሉ ይፈተሽ፦ ቱቦው ተከፍቶ አየር ገብቶበት እንደሆነ፣ ለመመቻቸት የተፈታ የሞተር ጎማ ሳይጠብቅ ቀርቶ እንደሆነ። በቤንዚን መኪና ደግሞ የተረሳች የቫኩም ቱቦና ተራቸው የተምታታ የካንዴላ ገመዶች ቀድመው ይታያሉ።

ዳሽቦርዱ ላይ የቲ-ቤልት መብራት በርቶ ቺንጋ ሊቀየር መኪና ሲገባ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ በፊትም ይንቀጠቀጥ እንደነበረና እንዳልነበረ ሾፌሩ ለመካኒኩ ይንገረው። ቀድሞ ይንቀጠቀጥ የነበረ ሞተር ፍለጋው ከኖዝልና ከሞተር ጎማ ይጀምራል፤ ከሥራው በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን የቺንጋው ክዳን እንደገና ይከፈታል።