ጋምቤላ በአውቶቡስ

የአዲስ አበባ ባለሙያ ጋምቤላን የሚያውቃት በአበል ነው፡፡ ጠዋት ከቦሌ ይሳፈራል፣ ረፋዱ ላይ ጋምቤላ ያርፋል፣ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ተቀብሎ አስቀድሞ ወደ ተያዘለት ክፍል ያደርሰዋል፡፡ ሁለት ቀን ወርክሾፕ ይቀመጣል፣ ማታ ባሮ ዳር ዓሣ ይበላል፣ ይመለሳል፡፡ ቅሬታ የለኝም፤ እኔም በዚህ መልክ ሄጃለሁ፡፡ ከተማዋን አወቅሁ የምለው ግን በ1992 ዓ.ም. 300 ብር ኪሴ ከትቼ በአውቶቡስ የገባሁ ጊዜ ነው፡፡ ይህን የምጽፈውም በዚያው መንገድ፣ ያለ አበልና ያለ ሾፌር፣ መሄድ ለሚያስብ ሰው ነው፡፡

ከመንገዱ በፊት አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፡፡ ስድስት ኪሎ ሕግ ስንማር አብሮኝ አንድ ክፍል ይተኛ የነበረ የጋምቤላ ልጅ ነው፤ አኙዋ ነው፡፡ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ሲሆን፣ አውቶቡሱ አምሽቶ ስለነበረ መርካቶ አካባቢ ርካሽ አልጋ ፍለጋ ወጣ፡፡ የአልጋ ቤቱ ሰው መዝገቡን ገለጠ፣ ቀና ብሎ አየውና «ፓስፖርት» አለው፡፡ ጓደኛዬ በአማርኛ አስረዳ፡፡ የቀበሌ መታወቂያውን አወጣ፡፡ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ጨመረበት፡፡ ሰውየው «ስደተኛ አናሳድርም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው፡፡ ጓደኛዬ መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አነጋ፡፡ ይህን ሲያጫውተን ይስቅ ነበር፤ እኛም ሳቅን፡፡ የሕግ ተማሪዎች ነን እንግዲህ!

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነፃነት ይሰጣል፡፡ በአንቀጽ 47 የፌዴሬሽኑን አባላት ሲዘረዝር የጋምቤላ ሕዝቦችን ክልል በስምንተኛ ተራ ቁጥር ያስቀምጣል፡፡ ሁለቱንም ለፈተና አጥንቻቸዋለሁ፣ ጥሩ ነጥብም አግኝቼባቸዋለሁ፡፡ ጓደኛዬን ግን ያ ሌሊት ምን ዓይነት ሌሊት እንደነበረ በቁም ነገር የጠየቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፡፡

ወደ መንገዱ እንምጣ፡፡ ጋምቤላ ለመግባት ሁለት መስመር አለ፡፡ አንዱ በነቀምቴና በደምቢዶሎ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በምዕራብ ወለጋ በነበረው ግጭት ምክንያት ይህን መስመር ለማንም አልመክርም፡፡ ሌላው በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ የሚወርደው ነው፤ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፡፡ በ1992 ከጅማ ወዲያ ጠጠር ስለነበረ በደሌ አደርን፡፡ ዛሬ አስፋልት ቢሆንም በአንድ ቀን እገባለሁ ብሎ መነሳት ደግ አይደለም፤ ማታ ላይ መንገድ ላይ ከመገኘት መቱ ወይም በደሌ አድሮ ማለዳ መነሳት ይሻላል፡፡

ሁለተኛው ቀን የመንገዱ ጣዕም ነው፡፡ ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ጭጋግና ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት፡፡ ከእርሷ ቀጥሎ ቡሬ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች (የጎጃሟ አይደለችም)፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፡፡ ጋምቤላ ከ500 ሜትር ከፍታ ብዙም አትርቅም፡፡ መጀመሪያ ኮት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ የጫማ ክር ይላላል፡፡ በሁሉም የኢትዮጵያ አውቶቡስ ውስጥ ያለው «መስኮት ክፈት፣ መስኮት ዝጋ» የሚለው ክርክር ያለ ዳኛ የሚያልቀው እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው፡፡ በደሌ ላይ «ብርድ ገባኝ» ብለው ያስዘጉኝ እናት ራሳቸው ተነስተው ከፈቱት፡፡

ስንገባ መሽቷል፡፡ የመጀመሪያው አልጋ ቤት ሞልቷል፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፡፡ ወርክሾፕ ነበር፡፡ ርካሽ ተጓዥ ይህን ይወቅ፤ ጋምቤላ የዕርዳታ ድርጅቶችና የስብሰባ ከተማ ስለሆነች አልጋ አንድ ቀን በሽ በሽ ሆኖ በማግስቱ ድርቅ ሊመታው ይችላል፡፡ ጓደኛዬ ለአጎቱ የጻፈልኝ ወረቀት ነበረኝ፡፡ አንድ ልጅ ወረቀቱን እንኳ ሳያነብ ስሙን ሰምቶ እየመራ አደረሰኝ፡፡

ሰውየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፡፡ «ከመሃል አገር ነው የመጣኸው?» አሉኝ፡፡ አዎን ጋሼ አልኩ፡፡ ሌላ ጥያቄ አልነበረም፡፡ ገንፎና ዓሣ ቀረበ፣ ውኃ ቀረበ፤ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር አጎበር ሰቀሉልኝ፡፡ መታወቂያህን አሳየኝ ያለኝ የለም፡፡ ማንጎው ሲወድቅ እየባነንኩ ነጋ፤ በእያንዳንዱ ስባንን ደግሞ ያ የመናኸሪያ በር ትዝ ይለኝ ነበር፡፡

ጠዋት ባሮ ዳር ወሰዱኝና የድሮው ወደብ የነበረበትን አሳዩኝ፡፡ እዚህ ላይ የሕግ ሰውነቴ ይነሳብኛል፤ ታገሱኝ፡፡ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ አንድ ውል ተፈራረሙ፡፡ በአራተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በኢታንግ አቅራቢያ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን አከራዩ፡፡ ኪራዩ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የሚቆይ ነበር፤ መሬቱ ለፖለቲካም ለጦርም ጉዳይ እንዳይውል ተከልክሏል፡፡ ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ጋምቤላ ላይ ሆነ፡፡

ከዚያ በኋላ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ ጋምቤላ ይደርስ ነበር፡፡ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ቡና ይወርዳል፣ ከሱዳን ጨውና ጨርቅ ይወጣል፡፡ የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ለምዕራቡ አገር ቡና የጋምቤላ በር ለብዙ ዓመት አልተዘጋም፡፡ ከጎሬ ሰሙንና ቡናውን ጭኖ የወረደ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ እንግዲህ በገዛ አገሩ ወንዝ ዳር ከሱዳን መንግሥት ሹም ፊት ይቆም ነበር ማለት ነው፡፡ ጣሊያን ያዛት፤ በ1933 ዓ.ም. መጋቢት የቤልጂየም ኮንጎ ጦር አስለቀቃት፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አብቅቶ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች፡፡

ብዙ ሰው ይህን የኪራይ ታሪክ እንደ ጨዋታ ያነሳዋል፡፡ የሚረሳው ያው ውል በሌሎቹ አንቀጾቹ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የከለለ መሆኑ ነው፡፡ አኙዋውም ኑዌሩም በመስመሩ ግራና ቀኝ ቀሩ፡፡ መርካቶ ላይ ጓደኛዬን ፓስፖርት ያስጠየቀው መስመር ይኸው ነው፤ ጠያቂው ግን መስመሩ ጓደኛዬን የትኛው ወገን እንዳስቀረው አያውቅም ነበር፡፡

አሁን ወደ ኑሮው፡፡ አልጋ ስትይዙ ከዋጋው በፊት ቬንትሌተር እንዳለ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳለ፣ አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው ተመልከቱ፡፡ በአጎበሩ አትቀልዱ፤ ጋምቤላ የወባ አገር ናት፡፡ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቃችሁ የመከላከያ መድኃኒት ያዙ፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ትኩሳት ቢነሳባችሁ ጋምቤላ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የአዲስ አበባ ሐኪም ቀድሞ ታይፎይድን ሊጠረጥር ይችላል፡፡ ሙቀቱ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፡፡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው፤ በዚህ ወቅት ወደ ኢታንግ፣ ወደ ላሬና ወደ ጂካዎ ያለው ሜዳ ውኃ ሊውጠው ስለሚችል ከከተማው ለመውጣት ያሰበ ከኅዳር እስከ ጥር ቢመጣ ይሻለዋል፡፡

ምግብ አያስቸግርም፡፡ ከደጋ የመጡ ሰዎች የከፈቷቸው ሽሮ ቤቶች በየቦታው አሉ፤ ግን ሽሮ ለመብላት 770 ኪሎ ሜትር መምጣት ምን ይሉታል? የባሮን ዓሣ ብሉ፡፡ የኑዌር ቤት ከገባችሁ ኮፕ የሚባለውን፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ተሠርቶ ከወተት ጋር የሚቀርበውን ምግብ ቅመሱ፡፡ ማንጎ በወቅቱ ከውኃ ይረክሳል፡፡ ከተማ ውስጥ በባጃጅ መሄድ ይቻላል፤ ሙቀቱ ካላሸነፋችሁ ግን ከተማው በእግር ይዳረሳል፡፡

አመሻሹ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ባሮ ይወርዳል፤ የሚታጠበው፣ የሚያጥበው፣ የሚዋኘው፡፡ የአገሬውን ልጆች አይታችሁ ብድግ ብላችሁ አትግቡ፡፡ በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ሲዋኝ አዞ በልቶታል፡፡ ልጆቹ የቱ ጋ እንደሚገባ ያውቃሉ፡፡ ድልድዩ ያምራል፤ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጠይቁ፣ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትማ የግድ ነው፡፡ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በመንጋ የሚሻገርበት ድንቅ ቦታ ነው፤ ለባለ ትንሽ ኪስ ግን መኪናና መንገድ መሪ ስለሚጠይቅ በቡድን ካልሆነ አይሞከርም፡፡

ቋንቋ አትስጉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፡፡ ቢሆንም ለኑዌሩ «ማሌ» ብላችሁ ሰላም ብትሉት ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ፡፡ ኑዌር፣ አኙዋ፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ አንድ አይደሉም፤ «እናንተ ጋምቤላዎች» ብሎ መጀመር የጨዋ ሰው አነጋገር አይደለም፡፡ ደገኛውም ዛሬ የከተማው ሰው ነው፤ ከፊሉ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በሠፈራ የመጣ፣ ልጅ ወልዶ የልጅ ልጅ ያየ ነው፡፡

ጸጥታውን ሳልናገር ባልፍ መዋሸት ይሆናል፡፡ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በዚህች ከተማ አኙዋዎች በብዛት ተገድለዋል፤ ከገዳዮቹ ውስጥ የመከላከያ ወታደሮችና ደገኞች እንደነበሩ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል፡፡ ያኔ ባለውለታዬን አስተማሪ በስልክ ለማግኘት ሳምንት ፈጅቶብኛል፡፡ ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት ስደተኛው በመቶ ሺዎች ጎረፈ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 307 ሺህ ገደማ ሕዝብ ለነበረው ክልል ይህ ቀላል ሸክም አይደለም፡፡ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ታጣቂዎች ድንበር ተሻግረው ከ200 ሰው በላይ ገድለው ሕፃናትን ወሰዱ፡፡ ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ ውጊያ ነበር፡፡ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሰዓት እላፊ ካለ አክብሩ፤ ከመሸ በኋላ በመንገድ አትገኙ፡፡

ለመጨረሻ ጊዜ በአውቶቡስ የተመለስኩት በ2011 ዓ.ም. ነው፡፡ ትኬት ዋዜማውን ቆርጬ፣ ሁለት ሊትር ውኃ ይዤ ንጋት ላይ መናኸሪያ ተገኘሁ፡፡ አጠገቤ የተቀመጠው ኑዌር ወጣት የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ከዕረፍት መመለሱ ነበር፡፡ አዲስ አበባ ሲገባ የት እንደሚያድር ጠየቅሁት፡፡ «ዘመድ ቤት» አለኝ፤ «አልጋ አልሞክርም፡፡»

ደጋው ላይ ከወጣን በኋላ አንድ ኬላ ላይ ቆምን፡፡ ፈታሹ ገባና ከፊት ጀምሮ መታወቂያ ተቀበለ፡፡ ወጣቱ ከደረት ኪሱ ሦስት ነገር በላስቲክ ተጠቅልሎ አወጣ፤ የቀበሌ መታወቂያ፣ የተማሪ መታወቂያ፣ ከወረዳው የተጻፈ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፡፡ ፈታሹ ሦስቱንም አገላብጦ አየ፣ ፎቶውንና ፊቱን አስተያየ፣ «ውረድ» አለው፡፡ ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሰው ሰደዱት፡፡ ጥፋት አልተገኘበትም፡፡ ተቀመጠና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ላስቲኩ መለሳቸው፡፡

የእኔ መታወቂያ ጊዜው ካለፈበት ስምንት ወር ሆኖት ነበር፡፡ ፈታሹ ሳይገልጠው ነው የመለሰልኝ፡፡